ዜና ወልደሰማያት ሰዓት ሠሪ ዘጅማ፣ ጨዋታውን ሳይጨርስ እንደ ተነሣ

በዘመነ ሉቃስ፣ በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ አብዮቱ ጎልምሶ ጢም ባወጣበት፣ ስኳር በቀበሌ ሱቅ በወረፋ፣ ሳሙና በዘመድ፣ ወሬ ግን ለሁሉም በነጻ በሚታደልበት ወራት፣ የቡናው ፍሬ በሰቃና በሸቤ ቀልቶ ቅርንጫፉን ባጎነበሰበት በወርኀ ኅዳር፣ ወልደሰማያት ሰዓት ሠሪ፣ ዐቃቤ ሰዓት ዘአወቱ መንደራ፣ ጌታ ወረንጦ ወካቻቢቴ፣ የቆመውን የሚያስኬድ፣ የሚፈጥነውን የሚያዘገይ፣ በትውልዱ የመንዝ፣ በኑሮው የጅማ ሰው፣ በእጁ የያዘውን ነገር አስቀምጦ ከተቀመጠበት ተነሣ። ይህ ዜና ስለዚያ አነሣሡ የተጻፈ ነው፤ ሰው ከተቀመጠበት ቢነሣ ምን ይደንቃል የሚል ቢኖር፣ እስኪፈጸም ይታገሥ።

ወልደሰማያት ገና ጢሙን ሳያበቅል ከመንዝ ወርዶ፣ በጅማ ገበያ ጥግ፣ ከጠሃ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጎን፣ በአንዲት ቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ተለይቶ፣ ለእርሱ አንድ በርጩማ ለደንበኛ አንድ አግዳሚ የምትበቃ ሱቅ አቁሞ ነበር። የኮሌጁ መምህራን፣ የመስጊዱ ሙአዚን፣ የአውቶቡስ ተራው ተቆጣጣሪና የቀበሌው ሊቀ መንበር ሰዓታቸውን ከእርሱ በቀር ለማንም አያምኑም ነበርና፣ በከተማው ማን መቼ እንደሚጸልይ፣ መቼ እንደሚሳፈርና መቼ እንደሚሰበሰብ በእርሱ ጣቶች ላይ ተንጠልጥሎ ይኖር ነበር።

ሚስቱም ሶረቲ፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ቁጣዋ ደግሞ ከዚያም የሚርቅ፣ የሸቤው ቡና አምራች የኦቦ ዋቅጅራ ልጅ ነበረች። ኦቦ ዋቅጅራ ለጎረቤታቸው ልጅ ሊድሯት አስበው ሳለ፣ እርሷ አንድ ዓይኑ ላይ መስታወት ሰክቶ የሚውል እንግዳ ሰው መርጣ ስለ ሄደች፣ የዚያን ቤት ደፍ አልረግጥም ብለው ማሉ። ከሠርጉም ወዲህ ሶረቲ ሸቤ የምትሄደው ብቻዋን ነበር፤ አባቷም አማቻቸውን በስሙ ጠርተውት አያውቁም፣ ያ ሰውዬ ደህና ነው ወይ ይሉ ነበር እንጂ። ይህንንም ወልደሰማያት ይሰማ ነበር።

ወእምዝ፣ በመስከረም፣ አብተው የተባለ የኮሌጅ መምህር፣ በሶቭየት ኅብረት ተምሮ የተመለሰ፣ በመዳፍ የምትያዝ የኤሌክትሮኒክስ ጌም ይዞ ወደ ሱቁ ገባ። በመስታወቷ ውስጥ ቅርጫት የያዘ አንድ አውሬ ቆሞ፣ ከግራና ከቀኝ ቅርንጫፍ ፍሬ ሲወድቅ እየሮጠ ይቀልባል፤ ሦስት ፍሬ ካመለጠው ጨዋታው ያበቃል። አውሬው በአገሩ ድብ ኖሮ ይሆናል፤ ጅማ ግን ድብ አይታ ስለማታውቅ፣ በኦሮምኛ ዝንጀሮ በሚጠራበት ስም ጃልዴሳ ተባለ፤ ፍሬውም ያለ ክርክር ቡና ሆነ። መምህር አብተውም እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ወልዴ፣ ይህች ነገር ድምጿን አጥፍታለች። እኔ ለሥልጠና አዲስ አበባ ልሄድ ነው። እስክመለስ አንተ ጋ ትቆይ፣ ነካክተህ እያት።»

ወልደሰማያትም ከፈታት፣ ዝገቷን ጠረገላት፣ የሰዓት ባትሪ አጎረሳት፤ ጲጵ አለች። መሥራቷንም ለማረጋገጥ አንድ ጊዜ ሞከራት። ይህም ሙከራ ከመስከረም እስከ ኅዳር ዘለቀ።

በዚያ ወራት የሙአዚኑ ሰዓት በመሳቢያ ውስጥ ተኛ፤ የአውቶቡስ ተራው ሰዓት ሆዱ ተከፍቶ ጥርሱ ተበትኖ ቀረ፤ የሊቀ መንበሩም ሰዓት እንዲሁ በመቆሙ የቀበሌው ስብሰባ በሰዓቱ ሳይጀመር ቀርቶ፣ ሕዝቡ ስለዚህ ብቻ ወልደሰማያትን በልቡ መረቀው። ማንም ወደ ሱቁ ቢገባ፣ ዐቃቤ ሰዓቱ ራሱን ሳያነሣ፣ ነገ ከሰዓት ይመለሱ፣ ይደርስልዎታል ይል ነበር። ጠሃ ልብስ ሰፊም በቆርቆሮው በላይ አንገቱን አስግጎ በገበያው ሁሉ ፊት አወጀ፦ «ወላሂ ወልዴ፣ አንገትህ እንዲህ ታጥፎ ከቀረ እኔ ኮት ልሰፋልህ አልችልም! ኮሌታው የት ላይ ይውላል?»

ሶረቲም በቤቷ መረመረችው፤ ወጡ ጨው በዝቶበታል ወይ ብትለው እ አለ፤ ጎረቤታችን ወለደች ብትለው እ አለ፤ በመጨረሻም ቤቱ እየተቃጠለ ነው ብትለው፣ እሺ መጣሁ አለ፤ አልመጣምም።

ነገሩ ግን ስንፍና አልነበረም። ወልደሰማያት ዕድሜውን ሁሉ የተሰበረ ነገር ሲቀበል የኖረ ሰው ነው፤ የሰው እጅ የሚዘረጋለት የቆመ፣ የዛገ፣ ውኃ የገባበት ነገር ይዞ ነው። በመስታወቷ ውስጥ ግን የተሰበረ አልነበረም፤ የወደቀው ወድቆ ሁሉ ነገር እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ቁጥሩም እየጨመረ ሲሄድ፣ አንተ የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም። ይህንንም ለማንም አልተናገረም፤ ለራሱም እንኳ በደንብ አልነገረውም።

በኅዳርም፣ በገበያ ቀን፣ አንድ ሽማግሌ ከሸቤ በአውቶቡስ ተሳፍረው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ጠይቀው ጠያይቀው ወደዚያች ሱቅ ደረሱ፤ በአግዳሚውም ላይ ተቀመጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ከብዙ ዘመን ዝምታ በኋላ የወጣውን ይህን አዋጅ በቀስታ አሰሙ፦ «ልጄ፣ እኔ ዋቅጅራ ነኝ፣ የሶረቲ አባት። ቂም ይዤ አረጀሁ፤ ቂሙም ከእኔ ጋር አረጀ። እንግዲህ ሳልሞት ቤታችሁን ልይ፣ እጃችሁን ልያዝ ብዬ መጣሁ። ማሎ፣ ያለፈውን ተወው።»

በዚያችም ቅጽበት ከግራም ከቀኝም ፍሬ በአንድ ላይ እየወረደ ነበርና፣ ወልደሰማያት ዓይኑን ከመስታወቷ ሳይነቅል መለሰ፦ «ነገ ከሰዓት ይመለሱ አባባ፣ ይደርስልዎታል።»

ኦቦ ዋቅጅራም ባርኔጣቸውን ደፉ፤ ከዘራቸውን አነሡ፤ ወጡ።

ጠሃ ከቆርቆሮው ማዶ ሁሉን ሰምቶ፣ የደንበኛውን ሱሪ በመርፌ እንደ ሰካ ጥሎ፣ ጫማውን ሳያጠልቅ እስከ አውቶቡስ ተራ ሮጠ፤ የሸቤው አውቶቡስ ግን ሄዶ ነበር። ሲመለስም ወልደሰማያት ገና ሦስተኛዋ ፍሬ አምልጣው ራሱን ያነሣ ነበር። ሰው የተናገረው ቃል ጨዋታው እስኪያበቃ በጆሮው ደጅ ቆሞ ይጠብቀው ነበርና፣ ያን ጊዜ ገባ፤ ዋቅጅራ የሚለው ስም ገባ፤ ማሎ የሚለው ልመና ገባ። ወልደሰማያትም ባዶውን አግዳሚ አየ። በእንጨቱ ላይ ሽማግሌው ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ገና ይሞቅ እንደሆነ በመዳፉ ዳሰሰው፤ ፊቱም አመድ መሰለ።

ሶረቲም ከጠሃ አፍ ሰማች። ከዚያም በቤቷ ደጃፍ ቆማ አወጀች፦ «አባ ኮ ያንን ሁሉ መንገድ መጣ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ለመነህ፣ አንተ ነገ ተመለስ አልከው! እኔ ለዚህ ቀን ስንት ዓመት ያለቀስኩ ሰው ነኝ። አሁን ሂድ። እግሩ ላይ ወድቀህ አምጣልኝ። እርሱን ሳትይዝ ከመጣህ ከዚያ ከጃልዴሳህ ጋር ሱቅህ እደር!»

ስለዚህም ዐቃቤ ሰዓቱ በማግሥቱ ማለዳ ለዘመቻ ተነሣ። ሠራዊቱም ይህ ነበር፦ በተሳፈረባት ኤንትሬ የጭነት መኪና ፊት በኩል ሾፌሩና የሾፌሩ ጥርስ መፋቂያ፤ በኋላ በኩል የሸቤን ቡና ለመጫን የሚሄድ የባዶ ጆንያ ክምር፤ በክምሩ ላይ ረዳቱ፣ ሁለት ዶሮ የያዘች ነጋዴ፣ እግሮቻቸው የታሰሩ ሁለቱ ዶሮዎች፣ እና ሱቁን ዘግቶ እኔ ምስክር ነኝ ብሎ የተከተለው ታማኙ ጠሃ። በኮቱ ኪስም ያች መጫወቻ ነበረች። ለምን ያዝካት ብሎ ጠሃ ቢቆጣው፣ ጥፋቴ ምን እንደሆነ ለአማቴ ላሳያቸው ነው አለ፤ እውነት ነው ብሎም ራሱን አሳመነ።

ኤንትሬዋ መኪና ከኬላው ስትደርስ፣ ቡና በስውር የሚያሳልፍ እንዳይኖር የሚፈትሸው ዘበኛ በጆንያው መካከል ሲዳስስ፣ ከወልደሰማያት ኪስ ጲጵ የሚል ድምፅ ወጣ። ዘበኛውም ጠመንጃውን አንሥቶ ጮኸ፦ «መኪናዋ አትንቀሳቀስ! ይሄ ሰውዬ ኪሱ ውስጥ የሚያወራ ነገር አለ!» የመገናኛ ሬዲዮ መስሎት ነበር። ወልደሰማያትም አውጥቶ፣ ነገሩ መጫወቻ መሆኑን በማስረጃ አሳየ፤ ዘበኛውም ማስረጃውን በገዛ ጣቱ ለመመርመር ወሰደ፤ ምርመራውም ረዘመ፤ ዶሮዎቹ ተንጫጩ፤ ከኋላ የቆሙት መኪኖች ጥሩንባ ነፉ። በመጨረሻም ሾፌሩ ከጋቢናው ራሱን አውጥቶ፣ «ጓድ፣ በአብዮቱ ይሁንብህ፣ ፀሐይዋ እኮ ወጣች!» ሲል አወጀ። ወልደሰማያትም የዘበኛውን የታጠፈ አንገትና ያለጠባቂ የቀረውን ኬላ አየ፤ የገዛ አንገቱንም ዳሰሰ። ዘበኛው ሲመልስለት ግን ተቀብሎ ወደ ኪሱ ከተታት።

ሸቤም በደረሱ ጊዜ፣ ኦቦ ዋቅጅራ ከአጥራቸው ውስጥ ሆነው አማቻቸው መምጣቱን ሰሙ፤ አልወጡም። በጎረቤታቸው በሀጂ ሸኩር በኩል ግን አንድ አዋጅ ላኩ፤ ሀጂውም ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ደብቀው ቃል በቃል አነበነቡት፦ «ነገ ከሰዓት ይመለስ፤ ይደርስለታል።»

ወልደሰማያትና ጠሃ ያን ቀን በከተማው ሻይ ቤት አሳለፉ፤ በማግሥቱም ከሰዓት ተመለሱ። ጃርሶሊዎች፣ እነዚህም የአገር ሽማግሌዎች ናቸው፣ በኦቦ ዋቅጅራ ቤት ለእርቅ ተሰብስበው ነበር። ጠሃን ለምስክርነት ወደ ውስጥ አስገቡት፤ በደለኛው ግን እስኪጠራ ድረስ በውጭ፣ የቡና ማስጫው ሜዳ ዳር፣ በአንድ ግንድ ላይ እንዲቀመጥ ታዘዘ። የቀረው የቤቱ ሰው ሁሉ ለለቀማ ጫካ ገብቶ ነበር። በሜዳው ላይ የዓመቱ ልፋት ፍሬ፣ ሊደርቅ የተቃረበ ጀንፈል፣ ከነልጣጩ የሚሰጣው ቡና፣ በሰሌን ላይ እንደ ጠቆረ ዶቃ ተዘርግቶ ነበር። እርሱም ብቻውን ተቀመጠ። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማዋል፤ ስሙን ግን አይጠሩትም። ጭንቀቱ እንዲበርድለትም አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

ወናሁ፣ በዚያች ሰዓት ከእርሱ የራቀው ዕድል ሁሉ መጣለት። ጣቶቹ እንደዚያ ቀን ቀልጥፈው አያውቁም፤ ጃልዴሳው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እንደ ጥላ በረረ፤ አንዲት ፍሬ እንኳ አላመለጠችም። የመጫወቻዋ ቁጥር በሦስት ቤት ብቻ የሚጻፍ ነበርና፣ ሦስቱም ቤቶች በዘጠኝ ከሞሉ በኋላ ምን እንደሚሆን በከፋ ክፍለ ሀገር ሁሉ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጠሃ ተመልሶ ዜሮ ይሆናል ባይ ነበር፣ ወልደሰማያት ግን ጃልዴሳው ቅርጫቱን ጥሎ ሲጨፍር በሕልሙ አይቶ ነበር። አሁን ሁለቱ ቤቶች ሞሉ፤ ሦስተኛው ቀረ።

ያን ጊዜ አንዲት ጠብታ በመስታወቷ ላይ ወደቀች። በአውራ ጣቱ ጠረጋት። ሌላም ወደቀች፤ ጠረጋት። ሦስተኛዋ ግን በአንገቱ ላይ፣ በታጠፈው ቦታ ላይ፣ ቀዝቅዛ አረፈች፤ ወልደሰማያትም ከመስከረም ወዲህ ጨዋታው ሳያልቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱን አነሣ።

በጎጀብ ወንዝ በኩል ሰማዩ እንደ ብረት ምጣድ ጠቁሮ ይመጣ ነበር። ነፋሱም የሰሌኑን ጠርዝ ያነሣል፣ ይጥላል። ቡናውን አየ፤ የተዘጋውን በር አየ፤ በእጁ ያለውን ቁጥር አየ። መጫወቻዋ ማቆሚያ ቁልፍ አልነበራትም፤ የሚተዋት ሰው ይተዋታል እንጂ ቆይ አይላትም። በዚያም ግንድ ላይ፣ ዐይን በሚርገበገብበት ያህል ጊዜ፣ በዜና መዋዕል የተጻፉ ጦርነቶች ሁሉ የማይተካከሉት ጦርነት ሆነ፤ ጣቱ ቁልፉን አንዴ ተጫነ፣ ልቡ ሂድ አለው፣ ጣቱ እንደገና ተጫነ፤ ከዚያም ኃያሉ ወልደሰማያት መጫወቻዋን በግንዱ ላይ አኖራትና ሮጠ። ከኋላው ፍሬዎቹ ያለ ቀላቢ ሲወድቁ ጲጵ፣ ጲጵ፣ ጲጵ አሉ፤ ዘወር ብሎ አላየም።

እየሮጠም ድምፁን ከፍ አድርጎ አወጀ፦ «ዝናብ! ቡናው! ኦቦ ዋቅጅራ፣ ማሎ፣ ውጡ! ጠሃ፣ ሸራ!» ሰሌኑን ከዳር አጠፈ፤ ጀንፈሉን በክንዱ ወደ መካከል ሰበሰበ፤ በጭቃ ተንሸራቶ በአፍጢሙ ተደፋ፤ ተነሣ። ከቤቱም ሠራዊቱ ወጣ፦ ሀጂ ሸኩር ጀለቢያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ ሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ታጥቀው፣ ጠሃ ሸራ እየጎተተ፣ ከሁሉም በኋላ ኦቦ ዋቅጅራ ያለ ባርኔጣ፣ ያለ ከዘራ። ሸራውንም በቡናው ላይ ሲዘረጉት ነፋሱ እንደ መርከብ ሸራ ነፋው፤ እያንዳንዱን ጫፍ ሁለት ሁለት ሆነው ያዙ፤ አንደኛውንም ጫፍ አንድ አዛውንትና አንድ ጭቃ የለበሰ ሰው ያዙት።

ዝናቡ በላያቸው ወረደ። ኦቦ ዋቅጅራ ከጎናቸው ያለውን ሰው ዘወር ብለው አዩት፤ እርሱም አያቸው። በሠርጉ ቀን ያልተያዩት፣ በሱቁ ያልተያዩት እነዚህ ሁለት፣ በአንድ ክንድ ርቀት፣ ውኃ ከአፍንጫቸው እየተንጠባጠበ ተያዩ። ነፋሱም ሸራውን ሊነጥቃቸው ሲል ሽማግሌው ጮኹ፦ «ቀቢ! ወልደሰማያት፣ ጠብቀህ ያዝ፣ አትልቀቅ!»

በስሙ ጠሩት። ወልደሰማያትም ያዘ፤ አልለቀቀም። ይቅርታ የሚለው ቃል በዚያ ቀን ከማንም አፍ አልወጣም፤ ሀጂ ሸኩርም ዝናቡ ሲያባራ ጀለቢያቸውን እየጨመቁ፣ «እኛማ ለምን ተሰበሰብን? አልሐምዱሊላህ፣ ጉዳዩ አለቀ፣ ደረቅ ልብስ አምጡ!» ብለው ጉባኤውን ፈቱ።

ስለ መጫወቻዋ ፍጻሜ የሚጠይቅ ካለ፣ በግንዱ ላይ ውኃ ጠጥታ ጠቁራ ተገኘች። ወልደሰማያትም ወደ ጅማ ወስዶ ከፍቶ አደረቃት፤ ሰዓት ሠሪ ነውና የሰው ንብረት አያበላሽም። መሥራቷን ግን ራሱ አልሞከረም፤ መምህር አብተው ከሥልጠና ሲመለስ፣ አንተው ሞክራት ብሎ በእጁ ሰጠው፤ ጲጵ ስትል ጀርባውን ሰጥቶ የሙአዚኑን ሰዓት ፈታ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አውራ ጣቱ ብቻዋን ትንቀሳቀስ ነበር። ቆይታ ተወች።

ከዝናቡም በማግሥቱ ኤንትሬዋ ቡና ጭና ስትመለስ፣ ኦቦ ዋቅጅራ በጋቢናው ተቀመጡ፤ አማቻቸውና ጠሃ ከላይ፣ በጆንያው ላይ። ከጅማው ሰፈራቸው ከአወቱ መንደራ ሲደርሱ ሶረቲ በደጃፏ ምስር ትለቅም ነበር። ቀና ስትል አባቷን በደፉ ማዶ ቆመው አየቻቸው፤ ሰፌዱ ከጉልበቷ ወደቀ። «አባ!» ብላም ምስሩን ረግጣ እጃቸውን ያዘች። ሽማግሌውም ደፉን በቀኝ እግራቸው ተሻገሩ፤ ግድግዳውን፣ ጣሪያውን፣ በየቦታው የተሰቀለውን ሰዓት ተመልክተው፣ «ጠባብ ነው፤ ግን ይሞቃል» ብለው አወጁ። ከዚያ እንዳይታዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያን ምሽትም ኦቦ ዋቅጅራ በወጣትነታቸው ስለ ጠፋችባቸው አንዲት በቅሎ ማውራት ጀመሩ። ወሬው ከሸቤ ተነሥቶ ጎጀብን ተሻገረ፤ ተመለሰ፤ በሌላ ሰው ሠርግ ገባ፤ ስለ አንድ የሞተ ዳኛ ብዙ ቆየ፤ በቅሎዋንም እስከ መርሳት ደረሰ።

እነሆ እንግዲህ፣ ስለ ኃያሉ ወልደሰማያት፣ ዐቃቤ ሰዓት ዘአወቱ መንደራ፣ መዋዒ አውራ ጣት፣ ከለላ ጀንፈል፣ ስሙን በአማቱ አፍ ያስጠራ፣ ይነገር፤ ከጅማ እስከ ሸቤ፣ ከሰቶ ሰመሮ ሰፈር እስከ ጎጀብ ማዶ ይሰማ። ነገሥታት አገር ይዘው ተመሰገኑ፤ እርሱ ግን የያዘውን በመተው ይመስገን። የሸሹ በቅሎዎችን አሳድዶ የመለሰ ጀግና ብዙ ነው፤ የአማቱን ወሬ ራሱን ቀና አድርጎ፣ ዓይናቸውን ዓይናቸውን እያየ፣ እስከ መጨረሻው ሰምቶ፣ እርሳቸው ዝም ባሉ ጊዜም፣ «ከዚያስ አባቴ፣ በቅሎዋ ምን ሆነች?» ብሎ የጠየቀ ጀግና ግን ከእርሱ በፊት አልተጻፈም።